ስለ ጥሩንባ ክንድና ስለ አምስቱ አዳዲስ እሴቶች

ለተከበሩ የላውንደሪ ድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ

ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችልና ለሚነበብለት ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ መስኮት ላይ በየማለዳው ውሃ የሚጠጡት አበቦችዎም እንደምን ሰንብታችኋል እያልኩ፣ ጤናና ዕድሜ እንዲበዛልዎ ያለኝን ምኞት በትሕትና አቀርባለሁ። እኛ ከታች በእንፋሎቱ ውስጥ ያለነው፣ ከአንዲቱ በስተቀር፣ ደህና ነን። ውድ ጊዜዎን የምሻማውም ስለዚችው ስለ አንዲቱ ስለሆነ ከወዲሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እኔ በሁለተኛው ሲሊንደር መቀበያ በኩል ቆሜ አንሶላ የማጥፍ ሴት ነኝ። ብዙ አልናገርም፤ ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ደግሞ የቀረኝንም ቀንሼአለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ከየሆስፒታሉና ከየሆቴሉ በሚመጡልን አንሶላዎች ጥግ ላይ ከተጠለፉት ስሞች ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጄ የገባውን ሁሉ አነባለሁ። ስለዚህ የኮሙኒኬሽን ክፍልዎ የሚልክልንን ጽሑፍ በሙሉ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው በድርጅቱ ውስጥ ቢፈለግ፣ የምገኘው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ጸሐፊውን ጨምሮ ማለቴ ነው።

ምስጋናዬን ላስቀድም። ድርጅቱ በእርስዎ አስተዳደር ሥር እስኪውል ድረስ እሴት የሚባል ነገር እንዳልነበረን ተነግሮን፣ መከባበር፣ መደማመጥ፣ ቤተሰባዊነት፣ ልህቀትና ፈገግታ የተባሉ አምስት እሴቶች በአንድ ቀን ተሰጥተውናል። ብዙ ዓመት ያለ እሴት የሰው አንሶላ ስናጥብ መኖራችንን ሳስበው ያሳፍረኛል። እሴቶቹን እንድንላመድ የተደረገልን እንክብካቤም ተቆጥሮ የሚያልቅ አይደለም። ጠዋት ጠዋት በድምፅ ማጉያ ይነበቡልናል። በየግድግዳው ተለጥፈውልናል፤ በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ እንኳ ከውስጥ በኩል የተለጠፈ አለ፣ እዚያ የሚቀመጥ ሰው ፊት ለፊቱ የሚያገኘው ልህቀትን ነው። «ቤተሰባችን» የተባለ የቴሌግራም ቡድን ተከፍቶልን ሳንጠየቅ ሁላችንም ገብተናል። በቡድኑ ውስጥ መጻፍ የሚችለው የኮሙኒኬሽን ክፍሉ ብቻ ሲሆን፣ ለእኛ የተፈቀደልን ቀይ ልብ መጫን ነው። ስለ መደማመጥ የተላከልንን ያን ረጅም መልእክት አንብበን፣ ልባችንን ተጭነን፣ በማግስቱ «ሠራተኛውና አስተዳደሩ ተደማምጠዋል» የሚል መልእክት ደረሰን። ለዚህም ልብ ተጫንን።

ይህን ሁሉ የሚያስተባብርልን የኮሙኒኬሽን ኃላፊዎ ነው። ማይክራፎኑ ከእጁ ስለማይለይ ሠራተኛው «ማይኩ» ይለዋል፤ እርሱ ግን እኛን «እናቶቼ» ይለናል። ከመካከላችን በዕድሜው ያለ ልጅ የወለደች አትጠፋም፤ ልጅ ግን እናቱን ሲጠራ ፊቷን ያያል እንጂ ካሜራው የት እንደቆመ አያይም። የሆነው ሆኖ «ኮሙኒኬሽን ማለት ከትናንት ወደ ነገ የምንሻገርበት ድልድይ ነው» ብሎ አስተምሮናል። ድልድዩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያሳልፍ ያወቅነው ቆይተን ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። እርስዎ በቁጥር የተቀመጠ ነገር እንደሚወዱ ስለሰማሁ በቁጥር አደርገዋለሁ።

አንደኛ። እርስዎ ሲሊንደሩን ያዩት ለፎቶግራፍ በወረዱ ዕለት፣ ቆሞ ሳለ ስለሆነ፣ ሲሠራ እንዴት እንደሆነ ልግለጽልዎ። እንደ ትልቅ በርሜል የተጋደመ፣ በእንፋሎት የጋለ ብረት ነው። በአንድ በኩል ሁለት ሴቶች እርጥቡን አንሶላ ግራና ቀኝ ይዘው ያጎርሱታል፤ በሌላው በኩል እኔና ጓደኛዬ ደርቆና ተተኩሶ ሲወጣ ተቀብለን እናጥፈዋለን። ማሽኑ ከቁመታችን ስለሚበልጥ አጉራሽና ተቀባይ አንተያይም። በዚህም ምክንያት ከእኛ በፊት የነበሩ ሴቶች ያወጡት፣ ማንም ያልጻፈው አሠራር ነበረን። አጉራሿ አንሶላውን ስትሰድ «ሄደ!» ትላለች፤ ተቀባይዋ ጫፉን ስትይዝ «መጣ!» ትላለች። «ሄደ» ተብሎ «መጣ» ካልተባለ፣ ወይም «ሄደ» የምትለዋ ድንገት ዝም ካለች፣ የሰማች ሁሉ «ቁም!» ብላ ትጮኻለች፤ ማሽኑም ይቆማል። በዚያ ክፍል ውስጥ ዝምታ ማለት አደጋ ማለት ነበር። እንዲህ ሲባባሉ ደግሞ ቀኑ ይገፋል። ከአጉራሾቹ አንዷ፣ በድምፅዋ ጉልበት ጥሩንባ ብለን የምንጠራት፣ «ሄደ! ያ ባሌም እንዲህ ቀጥ ብሎ ቢሄድልኝ!» ስትል፣ ከወዲህ በኩል «መጣ! ተኩሰን መልሰንልሻል!» ይባላል፤ ጋሪ የሚገፉት ሳይቀሩ ይስቃሉ። ፈገግታ እሴት መሆኑን ገና ስላልተማርን ዝም ብለን ነበር የምንስቀው።

ማይኩ አንድ ቀን እንግዶች ይዞ ሲገባ ይህን ሰማ። ፊቱ ተለዋወጠ። በሳምንቱ ተሰብስበን፣ ድምፅን ከፍ ማድረግ ከመከባበር እሴት ጋር የሚጋጭ «አሮጌ ባህል» መሆኑ ተነገረን፤ በምትኩም በአንገት የሚንጠለጠሉ፣ በፕላስቲክ የተለበጡ ሦስት ካርዶች ታደሉን። አረንጓዴው «ደህና ነኝ»፣ ቢጫው «ትንሽ ታገሡኝ»፣ ቀዩ «እገዛ እፈልጋለሁ» ይላሉ። እያንዳንዱ የሚስቅ ፊት አለው፤ ቀዩም ይስቃል። በቡድን ተከፋፍለን ካርድ ማንሳት ተለማመድን፤ ያነሳ ተጨበጨበለት። መካኒካችን እጁን አውጥቶ፣ «ወንድሜ፣ ማሽኑን ተሻግሮ የሚታይ ካርድ አላችሁ ወይስ ይሄው ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጥሩንባም ተከትላ፣ «አንሶላውን በጥርሴ ልያዘው?» አለች። ማይኩ በፈገግታ፣ «በጣም ጠቃሚ አስተያየት ነው እናቶቼ፣ እንይዘዋለን» አለ። ይዞታል መሰለኝ፤ እስከ ዛሬ አለቀቀውም።

ሁለተኛ። ለዓመታት የተለመደ ነገር ከአፍ ቶሎ አይወጣምና «ሄደ!» ማለት ሲያመልጠን የእሴት ማስታወሻ የሚባል ደብዳቤ ይሰጠን ጀመር። ሦስተኛው የደረሳት ሠራተኛ ውሏ አይታደስም ተባለ። «ሁለት ቢጫ አንድ ቀይ ነው» እያሉ የሚቀልዱ ነበሩ፤ ጥሩንባ ሁለቱን በአንድ ወር ውስጥ ካገኘች በኋላ ግን የሚቀልድ ጠፋ። ልጆቿንና እናቷን የምታስተዳድረው እርሷ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማሽኑ ወዲያ ማዶ ድምፅ አልሰማሁም። ማይኩ መጥቶ ክፍሉ ጸጥ ማለቱን አየና በስልኩ ቀረጸው፤ «የለውጥ ድምፅ» በሚል ርዕስ በቡድኑ ላይ ተለቀቀልን። ቪዲዮው ውስጥ የሚሰማው የማሽን ጉርምርምታ ብቻ ነው። በኮሙኒኬሽን የመጣ ውጤት ተብሎ ለበላይ ሪፖርት መደረጉንም ከዚያው ላይ አነበብኩ። ልብ ተጫንኩ፤ አልዋሽም።

ለሚቀጥለው ቁጥር አልሰጠውም። በቁጥር ላስቀምጠው ሞክሬ እምቢ ብሎኛል።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ አንድ እርጥብ አንሶላ ጫፉ በጥሩንባ የቀኝ እጅ አንጓ ላይ ተጠመጠመና ወደ ሲሊንደሩ ይጎትታት ጀመር። አብራት የምታጎርሰዋ ሌላ አንሶላ ለማንሳት ወደ ጋሪው ጎንበስ ብላ ነበር። ጥሩንባ አልጮኸችም። ክቡር ሆይ፣ ይህችን መስመር እባክዎ ደግመው ያንብቡልኝ፤ እኔ ስጽፋት ብዙ ጊዜ ደጋግሜአታለሁ። በድርጅቱ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥ ድምፅ ያላት ሴት፣ ቀኝ እጇ ወደ ጋለ ብረት እየገባ፣ በግራ እጇ አንገቷ ላይ ያለውን ሪባን ዳብሳ፣ ከሦስቱ መርጣ፣ ቀዩን ካርድ ከፍ አድርጋ አነሳች። ፊት ለፊቷ የነበረው ማሽን ብቻ ነው።

በእኔ በኩል አንሶላው ተጣሞ መጣና ቆመ። ድሮ ቢሆን ሳላስብ እጮህ ነበር። በዚያ ቀን ግን አንገቴን አስግጌ ካርድ ፈለግሁ። ስንት ጊዜ እንደፈለግሁ አላውቅም፤ ቅጽበት ናት፤ ለጋለ ብረት ግን ትበቃዋለች። በሕይወቴ ዝም ብዬ ያሳለፍኩት ሌላ ነገር አለ፤ ከሟቹ ባለቤቴ ጋር እንጂ ከእርስዎ ጋር ስለማይገናኝ እተወዋለሁ። ዝምታ ምን እንደሚያስከፍል ለማወቅ ግን ፖስተር አያስፈልገኝም ነበር። ያም ሆኖ ካርድ ፈለግሁ። እሴቶቹን ይህን ያህል ተላምደናቸዋልና የኮሙኒኬሽን ክፍልዎን እንኳን ደስ አለው ይበሉልኝ።

ከዚያ «ቁም!» ብዬ ጮህኩ። መካኒኩ ሮጦ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ አወረደው። ክንዷ ከጣቶቿ እስከ ክርኗ ተቃጥሏል፤ ሁለቱ ጣቶች ይተርፉ አይተርፉ ሐኪሞቹ ገና አልተናገሩም። በቃሬዛ ሲያወጧት ልብሴን ይዛ ያለችኝ ይህ ነው፦ «እትዬ፣ ካርዱን አንስቼ ነበር እኮ። አንስቻለሁ አይደል? አይተውኛል አይደል?» «አዎ፣ አንስተሻል» አልኳት። ይህንንም ዋሸሁ፤ አላየሁም ነበር።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ «አንዲት የቤተሰባችን አባል ትንሽ መሰናክል ገጥሟት በጽናት እየተወጣችው ትገኛለች» የሚል መልእክት ከአበባ ሥዕል ጋር ደረሰን። ለእኔ ደግሞ ለብቻዬ «ድምፅ ከፍ በማድረግ የሥራ ባልደረቦችን ስላስደነገጡ» የሚል የመጀመሪያው የእሴት ማስታወሻዬ ደረሰኝ። ስሜ በትክክል ተጽፏል፤ ስለ ጥንቃቄያችሁ አመሰግናለሁ።

ይህን ሁሉ ችዬ ልተወው እችል ነበር፤ ዝም ማለት ሙያዬ ነው። ሆኖም ማይኩ በማግስቱ ከነማይክራፎኑ ሳይሆን ባዶ እጁን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መጣ። የፊታችን ዓርብ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ፣ እንግዶች በተገኙበት፣ ጥሩንባ ክንዷን እንደታሰረች መድረክ ላይ ወጥታ ምስክርነት ትሰጣለች አለኝ። አደጋው የደረሰው ካርዱን በጊዜው ባለማንሳቷ እንደሆነ፣ ከዚህ ተምራ አዲሶቹን እሴቶች በልቧ እንደተቀበለች ትናገራለች። ይህን ካደረገች ውሏ ይታደሳል፣ ሕክምናዋም ይቀጥላል። ካላደረገች ደግሞ «ያው፣ አስተዳደሩ ያየዋል»። ቀጥሎም እንዲህ አለኝ፦ «እናቴ፣ እርስዎ ብዕር አለዎት ይላሉ። አንድ ገጽ ይጻፉላት። ልብ የሚነካ ይሁን፣ ግን አዎንታዊ ይሁን። ስለ ሕመሙ ብዙ አያብዙት።»

ልደብቅዎ አልፈልግም፤ ጻፍኩት። የጻፍኩትም እርሷ ስለለመነችኝ ነው። ቤቷ ስሄድ ክንዷ ትራስ ላይ ተጋድሞ፣ ትልቋ ልጇ ፀጉሯን እያበጠረችላት አገኘኋት። በሹክሹክታ ነው የምትናገረው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ እርሷን ለመስማት ጎንበስ ይላል። «ይጻፉልኝ እትዬ፣» አለች፣ «አንድ ገጽ አንብቤ መውረድ ነው፣ ምን ይጎድልብኛል?» እናቷ ከጓዳ ሆነው፣ «ታንብብ! ጥፋተኛ ነኝ ማለት ያቃጥላል እንዴ? የሚያቃጥለውንማ አየነው!» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሥራ ላይ ደም፣ መግልና ትውከት ያለበትን የበሽተኛ አንሶላ በእጄ ስለይ ኖሬአለሁ፤ ሰው ታሞ ነውና አንድም ቀን ተጸይፌው አላውቅም። ያንን ገጽ ጽፌ ጨርሼ መልሼ ካነበብኩት በኋላ ግን ተነስቼ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። የእርስዎን ቃላት አንድ በአንድ አውቃቸው ኖሯል፤ «ጉዞ»፣ «ትምህርት»፣ «ቤተሰብ»፣ «ዕድል» እያሉ ብዕሬን ጠብቀው ቆመው ነበር፤ ሳልጠራቸው መጡ። በጣም ጥሩ ገጽ ነበር። ማይኩ ቢያየው ያለቅስ ነበር።

ለጥሩንባ አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነበር» የሚለው ላይ ስደርስ ልጇ ማበጠሪያውን አቆመች። ጥሩንባ፣ «ይሄን ሳነብ እርስዎ የት ነው የሚሆኑት፣ እትዬ?» አለችኝ። «ከሠራተኛው ጋር፣ ከፊት ነዋ» አልኳት። «ስጨርስ ያጨበጭቡልኛል?» አለች። እየቀለደችብኝ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። አልቀለደችም። ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። ወረቀቱን እንደ አንሶላ ጫፍና ጫፉን ገጥሜ አጠፍኩት፤ ልጅቷም፣ ጓዳ ያሉት አያቷም መልሴን ይጠብቁ ነበር። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና በደህናው እጇና በጥርሷ ቀደደችው። «አስቀያሚ ነው፣» አለች፣ «ቆንጆ አድርገው ነው የጻፉት፣ ግን አስቀያሚ ነው።» እናቷም ከጓዳ፣ «እንግዲህ ልጆችሽን ይዘሽ ማይኩ ቤት ግቢያ!» ብለው ጮኹ፤ ከዚያ መጥተው ቁርጥራጩን ከወለሉ ላይ ለቀሙት፤ ሲለቅሙም አለቀሱ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ እንግዲህ ስለዚህ ነው። ከስብሰባው በፊት በግቢው በር፣ በየመደብሩና አንሶላቸውን በምናጥብላቸው ሆስፒታሎች መግቢያ ላይ ይለጠፋል፤ ለጋዜጣም ተልኳል። ጥሩንባ ከሥራ ብትወጣ ለምን እንደወጣች አንባቢው አስቀድሞ እንዲያውቅ ፈልጌ ነው። የምጠይቅዎ ነገር ትንሽ ነው፦ ውሏን ያለ ምስክርነት ያድሱላት፣ ክንዷን እስኪድን ያሳክሙላት፣ ካርዶቹን ደግሞ ለሚያስፈልጋቸው ክፍሎች፣ ለምሳሌ ለእርስዎ የቦርድ ስብሰባ ያውሏቸው። ቢጫው «ትንሽ ታገሡኝ» እዚያ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። በእኔ ላይ የሚወሰነውን በተመለከተ ቸር ልቦናዎን አላስጨንቅም፤ ጡረታዬ በር ላይ ነው፣ ቤቴም ከእኔ ሌላ ሰው የለም።

ዓርብ ጥሩንባ ትመጣለች። መካኒኩ በሞተሩ ሊያመጣት ተስማምቷል። ወረቀት አትይዝም። ምን እንደምትናገር እኔ አላውቅም፤ ጠይቄአት ነበር፣ እርሷም አላወቀችም። ብቻ ትናንት ልጠይቃት ስሄድ ከመንገዱ ማዶ ሳለሁ ስሜን ስትጠራ ሰማኋት፤ ከአልጋዋ ላይ ሆና ነው፣ መስኮቱም ዝግ ነበር። ስለዚህ ለማይኩ የዚያን ዕለት ዕረፍት ቢሰጡት ማይክራፎኑ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። እርስዎ ግን ከፊት ወንበር ይቀመጡ። ስታበቃ የሚያጨበጭበውንና የማያጨበጭበውን ከዚያ ሆነው በደንብ ያዩታል።

ዕድሜዎ ይርዘም፣ አበቦችዎ ይለምልሙ፣ የሚተኙበት አንሶላ ሁልጊዜ ንጹሕና በሚገባ የታጠፈ ይሁን እያልኩ፣ በታዘዝኩት ዝቅተኛ ድምፅ እሰናበትዎታለሁ፤

ከሁለተኛው ሲሊንደር መቀበያ፣
አንድ የእሴት ማስታወሻ ያላት፣ ሁለተኛውን በጉጉት የምትጠብቅ
የቤተሰብዎ አባል

ማስታወሻ፦ በደረሰኝ ደብዳቤ ላይ «በአቅራቢያዎ ያለውን ቀይ የማቆሚያ ቁልፍ መጫን ሲችሉ መጮህ ለምን አስፈለገ?» ተብዬ በጽሑፍ እንድመልስ ታዝዣለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኛ በኩል ያለው ቁልፍ ምሰሶው ላይ ነው፤ ምሰሶው ላይ ደግሞ ፖስተርዎ ተለጥፏል። ሙጫው ጥሩ ስለሆነ በጥፍር አይነሳም፤ እጅዎን ቢያሳልፉበት ከሦስተኛው እሴት ሥር እብጠት ሆኖ ያገኙታል። ቅዳሜ ዕለት በልብስ ስፌት መቀስ የመዳፍ ስፋት ያህል ቆርጬ ከፍቼዋለሁ። ቤተሰባዊነት መሐሉ ቀዳዳ ሆኖ ቢያገኙት ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይጠየቅበት። ቁልፉንም ሞከርኩት፤ ይሠራል።